ሁለት ድስት ሾርባ በሁዳዴ

ዝንጅብልና ሽንኩርት ፍም ላይ ሲያር የሚወጣው ሽታ ዛሬም ድንገት ሲደርሰኝ፣ ሰበታ በሚገኘው ፋብሪካ የእንግዶች ማረፊያ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ደብተሬን ታቅፌ የተቀመጥኩ ይመስለኛል።

እማዬ እዚያ የገባችው የፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል ደረቷን ጎድቷት፣ ሐኪም ወደዚያ ዝር እንዳትል ከከለከላት በኋላ ነበር። የምታበላቸው ማሽን ሊተክሉ ከቬትናም የመጡ ሁለት ሰዎችን ሲሆን፣ ሚስተር ሚን ከአገሩ ሰሜን፣ ሚስተር ታም ከደቡቡ ነበሩ። እኛ የሰፈር ልጆች ሁለቱንም «ቻይና» እያልን እንጠራቸው ነበር። እነሱ ደግሞ ቀን ከሌት የሚናፍቁት ፎ የሚሉትን፣ ቀጭን የሩዝ ፓስታ የሚገባበትን የሥጋ ሾርባ ነበር።

በገባችበት ክረምት እማዬ አጥንቱን ቀቅላ መረቁን ስታይ ተሳቀቀች፤ ውሃ የመሰለ ነገር ለእንግዳ ማቅረብ ነውር መሰላትና ቅቤ ጣል አድርጋ፣ ሽሮ በትና፣ ወፈር አድርጋ አቀረበችው። ሳህኖቹ እንደሄዱ ተመለሱ። በማግስቱ የማረፊያው ኃላፊ ኦቦ ለሜሳ ማልደው መጡና «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ጥሩዬ፤ ዳግመኛ ሳህን ከተመለሰ ከከተማ ሆቴል ወጥ ሠሪ አምጣ ተብያለሁ» አሏት። እማዬ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ «ማቅለሚያ ክፍል አልመለስም» አለችና ወደ ምድጃዋ ዞረች።

መስከረም ሲጠባ ነገሩ ገባት። ተፍኪ ያለችው የአክስቴ ሽሮ ከእኛ ቤት ሽሮ ጋር እንደማይገናኝ ሁሉ የሁለቱ ሰዎች ፎም ለየቅል ነበር። ሚስተር ሚን የሚወደው ጥርት ያለ መረቅ፣ ከላዩም የሽንኩርት ቅጠል ብቻ ነው፤ ሚስተር ታም ግን ጣፈጥ ያለ መረቅ ቅጠላ ቅጠል ካልሞላበት አይነካም። እማዬ ሁለት ድስት ጣደች። ለአንዱ አረፋውን እየገፈፈች በነጭ ጨርቅ ታጠልል፣ ለሌላው ከጓሯችን በሶብላ ትቀነጥስ ነበር፤ ማሾ የሚባለውን ጥራጥሬም ልክ እንደ ጠላ ብቅል አብቅላ ትጨምርለታለች። ኮከብ የሚመስለው ቅመማቸው ሲያልቅባት በእንስላል ዘር ተካችው፣ ማንም አላጉረመረመም።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። እማዬ ደግሞ በጾም የሥጋ መረቅ ምላሷን አታስነካም። «ለመቅመስ ያህል እኮ ነው፤ ሥራሽ ነው፣ እግዜር ያውቅልሻል» አሏት ኦቦ ለሜሳ።

«የተቀጠርኩት ላበስል ነው እንጂ ልበላ አይደለም። ባለቤቶቹ ይምጡና ይቅመሱ» አለቻቸው።

እውነትም ጾሙን ሙሉ ሁለቱ ሰዎች ምሳ ሰዓት ላይ ወጥ ቤት ይገቡና እያንዳንዳቸው ከየድስታቸው ቀምሰው «ጥሩ፣ ጥሩ» ብለው ይወጡ ነበር። እማዬ ማታ ወደ ቤት ስንሄድ እያንጎራጎረች ትራመድ ነበር።

የፋሲካ ማግስት፣ በጾሙ እንደለመደችው መጥና የሠራችውን ሾርባ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመሰችው። ጨው የሚባል የለውም። ሌላውም ድስት እንደዚያው። ሄዳ የጠረጴዛቸውን የጨው ዕቃ ብታይ፣ ለጾሙ መግቢያ አፉ ድረስ የሞላችው ዕቃ ባዶ ነበር። ስለ ከተማው ወጥ ሠሪ ሰምተው ኖሮ፣ እንዳትባረርባቸው ዝም ብለው በየሳህናቸው ሲጨምሩ ከርመዋል። እኔ ደግነታቸው ሆዴን አባባው፤ እማዬ ግን እንደዚያ ቀን ተቆጥታ አይቻት አላውቅም።

ኦቦ ለሜሳን አስጠርታ ሁለቱን ሰዎች ድስቶቹ ፊት አቆመቻቸው። «ይንገሩልኝ» አለች። «የጎደለውን ጎደለ ይበሉኝ። አዝነውልኝ ከሚበሉ ብባረር ይሻለኛል።»

ኦቦ ለሜሳ ይህን ሲተረጉሙላቸው ሚስተር ታም አንገቱን ደፋ። ሚስተር ሚን ግን ቀመሰና «ጨው» አላት። ጨመረች። እንደገና ቀምሶ «ጨው» አለ። ጨመረችና እንደገና ማንኪያውን ሰጠችው።

ኦቦ ለሜሳ ከዚያ ወዲያ ስለ ሌላ ወጥ ሠሪ አላነሡም። እማዬም በፍልሰታም በገና ጾምም ማንኪያዋን ይዛ፣ እውነቱን ሳይነግሯት ከበሩ አታሳልፋቸውም ነበር፤ ሰዎቹ አገራቸው እስኪገቡ ወጥ ቤቱ የእሷ ሆኖ ቆየ።

ዛሬ እኔም ጾም ላልያዙት ልጆቼ ሥጋ ስሠራ አልቀምስም። «እንዴት ነው?» ስላቸው ዓይናቸውን ከስልካቸው ሳያነሡ «አሪፍ ነው» ይሉኛል። ሁልጊዜ አሪፍ ነው። እንደ እማዬ ጨክኜ ማንኪያ ይዤ ፊታቸው መቆም ግን እስካሁን አልሆነልኝም።