ቀይ እስክሪብቶና የማይተኛው ጥርስ

ክረምቱ አልወጣም ብሎ ያስቸገረበት ዓመት ነበር። ትምህርት ተጀምሮ፣ ልጆቹ ደብተራቸውን ሸፍነው ከጨረሱም በኋላ ዝናቡ ከቆርቆሮው ላይ አልወርድ አለ። ጠዋት የታጠበ ሹራብ ማታም እርጥብ ነው። ጠመኔው እንኳ እርጥበት ጠጥቶ ሰሌዳው ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይጽፍም። ያን ሰሞን ሰው ሁሉ ተኝቶ ሲነሳ ያልተኛ ይመስለው ነበር፤ እንዲያው ዝም ብሎ ድካም ድካም ይለው ነበር።

የአራተኛ ክፍል አስተማሪዋን ግን ድካሙ ከዝናቡ በፊት ነው የጀመራት። በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ትወጣለች። ጉልበቷ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል፤ ዓይኗም ያለ መነጽር ልጆቹን ከወንበሮቹ አይለይላትም። ልጆቹ በስተኋላዋ «ቀይ እስክሪብቶ» ይሏታል። ታውቃለች። የእናቶቻቸውም አስተማሪ ስለነበረች ስሙ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ ነው። ደብተር እጇ ከገባ ቀይ ሳይነካው አይወጣም።

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ቢሮው አስጠራት። በልጅነቱ አስተምራዋለች።

«እትዬ፣ በኢንተርኔት የልጆች መጽሐፍ የሚያወጣ ቤተ መጻሕፍት አለ» አላት። «ልጆች ራሳቸው የጻፉትን ታሪክ፣ ራሳቸው ከሣሉት ሥዕል ጋር ይፈልጋሉ። ከወጣ በኋላ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ያነበዋል። ታዲያ ለዚህ ከእርስዎ ሌላ ማንን ልመን?»

«ሌሎቹ እምቢ አሉህ ማለት ነው።»

«ኧረ በጭራሽ!» አለ። ሲዋሽ ጆሮው የሚቀላው ገና ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ነው። አሁንም ቀላ።

እሺ አለችው። እንዲያው ለነገሩ፣ ከመውጣቷ በፊት ከነዚህ ልጆች እጅ የወጣ አንድ ነገር ማየት ፈልጋለች። ስታስተምር የኖረችው ሌሎች የጻፉትን እንዲያነቡ ነው፤ እነሱ የጻፉትን ሌላ ሰው ሲያነበው አይታ አታውቅም።

የኮምፒውተሩ ክፍል ቀድሞ የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ ነበር። ኮምፒውተሮቹ ያረጁ፣ የሚያቃስቱ ናቸው። የቁልፎቹ ጽሑፍ ከመነካት ብዛት ስለጠፋ ልጆቹ በግምት ነው የሚመቱት። አንዲት ፊደል ለማውጣት ሁለት ቁልፍ መጫን አለ፤ አንዱን ከሳቱ ሌላ ፊደል ዱብ ይላል። ለሦስት ለሦስት ሆኑ፤ አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ይሥላል። ሥዕሉን በአስተማሪዋ ስልክ ያነሱታል። መብራት ሲጠፋ ሁሉም በአንድ አፍ «ወይኔ!» ይላሉ። አስተማሪዋ ደግሞ «አስቀምጡ ብዬ ነበር፣ ያላስቀመጠ ይበለው» ትላለች።

ከልጆቹ መካከል ጉንጬ የሚሏት ልጅ ነበረች። ጉንጯ ሁልጊዜ ከረሜላ የያዘ ይመስላል እንጂ ቃል አይወጣትም። ሦስት ዓመት ሙሉ እጇን አውጥታ አታውቅም። የኮምፒውተሩ ክፍል ገብታ ግን ከጎኗ ላለችው ልጅ በሹክሹክታ ማውራት ጀመረች፤ ጻፊዋ መጻፉን ትታ በሳቅ ወደቀች። ታሪኩ ስለ አያቷ ጥርስ ነው። አያቷ ሲተኙ ጥርሳቸውን አውልቀው ብርጭቆ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ጥርሱ በጨለማ ብቻውን ይስቃል። «እኔ አልፈራም። ትንሽ ብቻ ነው የምፈራው» ብላ ነበር የዘጋችው።

አስተማሪዋ አነበበችው። እሷም ሳቀች። ቀጥላ መነጽሯን ጠረገች፤ ነገሩ የተበላሸው ያን ጊዜ ነው።

ለክፋት አይደለም። ልጆቹ ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት እየቆየች፣ አንገቷ እንጨት እስኪሆን፣ እንዳያፍሩ ብላ አስተካከለችላቸው። መጀመሪያ ሥርዓተ ነጥብ ብቻ ነበር። ኋላ «ይህ እንዲህ ቢባል ያምራል» መጣ። ኋላም ታሪክ ያለ ምክር እንዴት ይቀራል ብላ በየመጨረሻው «ስለዚህ ልጆች ሆይ» የሚል ጨመረች። ያስተካከለችውን ሁሉ በድሮው ላይ አስቀመጠችው። የልጆቹ ጽሑፍ ጠፋ ብሎ ያሰበ የለም፤ ለእሷ ተስተካከለ እንጂ አልጠፋም። ላከችው።

ሳምንት ሳይሞላ ከቤተ መጻሕፍቱ አዘጋጇ ደወለች። ድምጿ የወጣት ነው።

«እናቴ፣ እነዚህን ታሪኮች ማን ነው የጻፋቸው?»

«ልጆቹ።»

«ሁሉንም?»

«አዎ፣ ሁሉንም።»

«ሁሉም ‹ስለዚህ ልጆች ሆይ› ብለው ነው የሚያልቁት እኮ። ይቺ ስለ ጥርስ የጻፈችው ደግሞ ‹አያቴ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን በንጽሕና ይጠብቃሉ› ትላለች። እኔም በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ አለችኝ፤ እንዲህ ብላ ብታወራኝ ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው የምወስዳት።»

«ትንሽ አርሜላቸዋለሁ» አለች አስተማሪዋ።

«ትንሽ?»

አዘጋጇ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የልጆቹን ይላኩልኝ። ወሩ ሳያልቅ ከደረሰኝ አወጣዋለሁ። ይህን ግን አላወጣም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ቤት ስትደርስ ልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየቻት። «እታለም፣ ማን ሞተ?»

ነገረቻት። እህቷ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «እኔም ልጅ ሆኜ የጻፍኩትን ደብዳቤ አርመሽ መልሰሽልኝ ነበር» አለች። «ለእናታችን የጻፍኩትን።»

«አሁን ይህ ምን አመጣው?»

«ምንም። ትዝ ብሎኝ ነው።»

በማግስቱ አስተማሪዋ ልጆቹ ፊት ቆማ ነገሩን ሳትሸፋፍን ተናገረች። ለእነሱ ያሰበች መስሏት ጽሑፋቸውን እንዳበላሸችው፣ የድሮው እንደሌለ፣ እንደገና መጀመር እንዳለባቸው። ኮምፒውተሮቹን ከፍተው ያነበቡ ጊዜ ክፍሉ ተቀወጠ።

«የኔ አንበሳ እጁን በሳሙና ታጥቧል!»

«የኔ ሌባ ይቅርታ ጠይቋል! እኔ አምልጦ ነበር ያልኩት!»

በሳቅ ተንፈራፈሩ፤ እሷንም ይቅር አሏት፤ ልጅ መቼስ ቂም አይዝም። ጉንጬ ግን አልሳቀችም። ያነበበችውን መልሳ አነበበችና ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«አንቺስ የኔ ልጅ፣ አትጀምሪም?»

«የኔ አለቀ።»

«እንዴት አለቀ? ያው አያትሽ አሉ፣ ጥርሱም አለ።»

ልጅቷ መሬት መሬት እያየች «አሁን ልናገረው ስል የእርስዎ ነው የሚመጣብኝ» አለች።

ሌላው ይጻፋል፤ አንበሳውም እጁን ሳይታጠብ ይመለሳል። ይቺ ልጅ ግን በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ አፏን ብትከፍት የዘጋባት ማን ሆነና! አሁን ካልተናገረች መቼም እንደማትናገር አስተማሪዋን ታወቃት። የቀራት ደግሞ የወሩ መጨረሻ ሳምንት ነው።

ዘዴውን ያመጡት ልጆቹ ናቸው፤ መጻፉ ቀርቶ በስልክ ይቀዳ አሉ። ጉንጬም ሲለማመጧት እሺ አለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አይሰማምና እስኪያባራ ጠብቀው ጀመሩ። ሦስቴ ቀዱ። ሦስቴም ሲያዳምጡት ከልጅቷ ድምፅ ይልቅ የአስተማሪዋ ይሰማል። «ቀስ በዪ።» «አያቴ ጥርሳቸውን በዪ እንጂ።» «እ... ከዚያስ?» ራሷን ስትሰማ ደነገጠች። አፌን ዘግቼ ነበር ብላ ለመማል ምንም አልቀራትም ነበር።

ጉንጬ ስልኩን አስቀመጠች። ድምጿ ቀጭን ነው፤ ግን ክፍሉ ሁሉ ሰማው።

«ቲቸር፣ ይውጡልኝ።»

አስተማሪዋን እንዲህ ያላት ልጅ በዘመኗ የለም። ለመቆጣትም አፏ ተከፍቶ ነበር። ብቻ ደክሟት ነበርና ቁጣም ጉልበት ይጠይቃል፤ መነጽሯን ይዛ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ከነበረ ባለ ሦስት እግር ወንበር ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ውስጥ መጀመሪያ ጸጥታ ሆነ። ቀጥሎ ሹክሹክታ። ቀጥሎ አንድ ልጅ «ኧረ በናትሽ!» አለ፤ ክፍሉም በሳቅ ፈረሰ። በምን እንደሚስቁ አታውቅም። ልትነሳ ጉልበቷን ያዘች፤ መልሳ ተቀመጠች። ስታስተምር በኖረችበት ዘመን ሁሉ ከክፍሏ ውጭ ሆና ክፍሏን ሰምታ እንደማታውቅ ያን ጊዜ ገባት። ደስ አላት ማለት ያስቸግራል። ከፋትም፣ ቀለላትም።

በሩ ሲከፈት «አለቀ» አሉ።

«እስቲ ልስማው።»

«አይሆንም» አለች ጉንጬ። «ሲወጣ ያንብቡት።»

እየሰሙ ራሳቸው ጻፉት። አስተማሪዋም ሳትከፍተው ከሌሎቹ ታሪኮች ጋር ላከችው። በሥራ ዘመኗ ከሠራችው ሁሉ የከበዳት ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ መጽሐፉ ወጣ። አስተማሪዋ መነጽሯ ሥራ ቦታ ቀርቶባት ስለነበር እህቷ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ስልኩን አስደግፋ የጉንጬን ታሪክ አነበበችላት።

«‹አያቴ ጥርሷን ብርጭቆ ውስጥ ታስተኛዋለች። ጥርሱ ግን እንቅልፍ የለውም። አያቴ በሕልሟ ስታወራ፣ እንደሱ አይባልም፣ ይላታል። ድመቷ ስትጮህ፣ በሥርዓት ጩሂ፣ ይላታል።›»

እህቷ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ነገሩ ገብቷት ቀና ብላ አየቻት። «እታለም፣ ልተወው?»

«ቀጥዪ።»

«‹አያቴ ተናደደችና ብርጭቆውን በሰሃን ከደነችው። ጥርሱ ብቻውን ሆነ። ጠዋት ስከፍተው ዝም ብሏል። አሳዘነኝ። ስለዚህ ትንሽ አስወራሁት።›»

«አለቀ?»

«አለቀ። ሥዕሉም ደስ ይላል፤ ለጥርሱ መነጽር አድርገውለታል።»

«እንደገና አንብቢልኝ» አለች አስተማሪዋ። እህቷ አነበበችላት። ስትጨርስ የአስተማሪዋ ከንፈር ዳር ዳሩን ፈገግ ብሎ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ወጣች። ለመጨረሻ ጊዜ እንደተሰማው ሁለቱ እህትማማቾች ቤቱን ለቀው የወንድማቸው ልጅ ወደሚሠራበት ከተማ ሄደዋል። ከከተማው አውቶቡስ መናኸሪያ ጀርባ ካለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የአስተማሪዋ ጉልበት ደረጃውን ቢያኮርፍም፣ ሁለት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ።