የጋሼ ደምሰው ረቂቅ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁትም። ሦስት ዓመት ሙሉ አፌ ላይ እየደረሰ ተመልሷል። አሁንስ ደከመኝ። ስማቸውን ቀይሬያለሁ፤ የቀረው እንዳለ ነው፣ ስሙኝ።

ጋሼ ደምሰው ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ስለ ጣና ወፎችና ስለ ደልጊ ዓሣ አጥማጆች መጻፍ ጀመሩ። ብሎጉን የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። ላፕቶፓቸው ላይ የጻፉት ፋይል አንዲት ቁልፍ ሲጫኑ ኢንተርኔት ላይ ወዳለ ማከማቻ ይሄዳል፤ ከዚያ ድረ ገጽ ሆኖ ይወጣል። ነጻ ነው፣ ብቻ ማከማቻው ለማንም ክፍት መሆን አለበት። ይህን አውቅ ነበር።

«ረቂቆቼን ሰው አያይም አይደል?» አሉኝ።

«ኧረ ማን ያያል ጋሼ!» አልሁ።

እውነት ነው፣ ገጹ ላይ አይታዩም። ማከማቻው ውስጥ ለገባ ግን ቁልጭ ብለው ይነበባሉ። ረቂቆቹ ከላፕቶፑ እንዳይወጡ አንዲት መስመር ትእዛዝ ትበቃ ነበር። ነገ እጨምራለሁ አልሁ፤ ሰነፍሁ።

አንዱ ረቂቅ ለልጃቸው ለሰላም ነበር። ከጨቅላነቷ ያሳደጓት እንጂ የወለዷት እሳቸው አልነበሩም። እንዴት እንደሚነግሯት ቃል እየመረጡ ወራት ጻፉ፣ ሰረዙ። አንድ ቀን ሰላም ብሎጉን ስታነብ ከገጹ ግርጌ ያለችውን ምልክት ተጫነች፤ ማከማቻው ተከፈተላት፤ ረቂቁንም አነበበችው። «አባባ፣ ከእኔ በፊት ለአገር ነገርህ?» ብላ ወጣች። ጎንደር ገባች፤ ስልካቸውንም አታነሣም።

ጋሼ አስጠሩኝ። «የማይነካ ነክቼ ነው፣ አይደል ልጄ?»

ምላሴን ማን ያዘው? እኔ ነኝ ማለት ምን ያህል ይከብዳል? «ይሆናል ጋሼ፣ እጅ ይስታል» አልሁ። እኔ አልሁ! ሰባ ዓመት የሞላውን ሰው በገዛ እጁ አሳፈርሁት። ቤቴ ገብቼ ያችን መስመር ጨመርሁ። የፈሰሰ ውሃ መች ይታፈሳል።

ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑን መንካት ፈሩ። የመጨረሻዋን ጽሑፍ በወረቀት ሰጡኝ፦ «ልጄ ሰላም፣ ይህ ያረጀ እጄ በድሎሻል፤ ይቅር በይው።» እንዳለች ገለበጥኋት። ቁልፏን የተጫንሁትም እኔ ነኝ።

ሰላም አልተመለሰችም። እሳቸው ሐይቁ ዳር ባገኙኝ ቁጥር «ተባረክ» ይሉኛል። እናንተን ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልሁት እናንተን አይደለም። ነገ ቤታቸው ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ያችን መስመርም ነገ እጨምራለሁ ብዬ ነበር።