ያልተሰረቀው ዘይት

ጉሮሮ የሚከረክር፣ ዓይን የሚያስለቅስ ሰማያዊ ጭስ አለ፤ የተቃጠለ ዘይት ጭስ። ባለፈው እሑድ በሐይቁ ዳር ስመለስ ዓሣ የምትጠብስ አንዲት ልጅ አጠገብ አገኘኝ። ቆም አልሁ። ልጅቱ ልበላ የቆምሁ መስሏት ዱካ አቀረበችልኝ፤ እኔም ተቀመጥሁ። ያዘዝሁት ዓሣ ግን እፊቴ ቀዘቀዘ። ልቤ አባቴ ዘንድ ሄዶ ነበር። ልጄ፣ አንቺ አላወቅሽውም፤ እስቲ ልንገርሽ።

አባቴ የሐረር ሰው ነው። በጦር ሠራዊት ምግብ አብሳይ ሆኖ ብዙ ዓመት አገልግሎ ሲሰናበት፣ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር የነበረ አንድ የጣውላ መሰንጠቂያ ለሠራተኞቹ ምሳ እንዲሠራ ቀጠረው። እናቴ ያረፈችው እኔ አፌን ሳልፈታ ስለሆነ ያሳደገኝ እሱ ብቻውን ነው። ፀጉሬን እንኳ የሚጎነጉንልኝ እሱ ነበር፤ ሹሩባዬን እንደ ወታደር ሰልፍ ቀጥ አድርጎ።

ዘመኑ የደርግ ነበር፤ እኔም አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርሁ። በመሰንጠቂያው ግቢ ቀኑን ሙሉ መጋዝ ይጮኻል፤ እርጥብ እንጨት ይሸታል። በሳምንት ሦስት ቀን ምሳው የተጠበሰ ዓሣ ነው። ዓሣው ከደቅ ደሴት በጀልባ ይመጣል። ዘይት ግን በኮታ ነው፤ ለወር የሚሰጠው አንድ ትልቅ ቆርቆሮ የኑግ ዘይት ብቻ ነው። የማይቆጠብ ነገር ቢኖር ማገዶ ነበር። የጣውላ ቁርጥራጭ በየቦታው ተከምሯል። አባቴ ያንን ምድጃ ውስጥ ሞልቶ እሳቱን ያንቦገቡገዋል። ዘይቱ ካልጨሰ ለመጥበስ አልደረሰም ይላል፤ ሠራዊቱ ውስጥ የለመደው እንደዚያ ነው፤ የራበው ወታደር ተሰልፎ እየጠበቀ በለስላሳ እሳት የሚጠብስ የለም። የተረፈውን ዘይት ደግሞ አይደፋም። በበነጋው አዲስ ይጨምርበትና እንደገና ያጨሰዋል። ወሩ ሲያልቅ መጥበሻው ውስጥ ያለው ነገር እንደ ሬንጅ ጠቁሮና ወፍሮ አረፋ ይደፍቅ ነበር።

መጀመሪያ ሠራተኞቹ ቃር በዛብን አሉ። ቀጥሎ ምግቡ ይመራል አሉ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ማን እንደጀመረው ሳይታወቅ፣ ወሬው መልኩን ለወጠ። አብሳዩ ደህናውን ዘይት እየሸጠ በማሽን ዘይት ይጠብስልናል ተባለ። ያን ጊዜ አሻጥር የምትባለው ቃል ሰው ታስበላ ነበር። የሠራተኛ ኮሚቴው ሊቀመንበር መጋዝ ሁለት ጣቱን የወሰደበት፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። አባቴን ጠርቶ፣ ቅዳሜ በስብሰባ ፊት ዘይቱ የት እንደሚገባ ታስረዳለህ አለው። አባቴ ያን ቀን ቤት ገብቶ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ሌባ አሉኝ» አለ።

እንዳልሰረቀ አውቃለሁ። ግን ምግቡ እንደሚመርም አውቃለሁ፤ ከእሱ ጋር እየበላሁ ስንት ጊዜ ደረቴን አቃጥሎኛል። ሁለቱ ነገር እንዴት አብሮ እውነት ሊሆን እንደቻለ ሌሊቱን ሳሰላስል አደርሁ።

ጧት ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ አስተማሪያችንን ጠብቄ ያዝኋቸው። ከአዲስ አበባ ተመድበው የመጡ ወጣት ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ደህና ዘይት ማንም ምንም ሳይቀላቅልበት ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳት ላይ ይጨሳል ወይ አሉኝ። ሁልጊዜ አልሁ። ያኔ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው አስረዱኝ። ዘይት ሲጨስ እየተሰባበረ ነው፤ ጥሩነቱ ይጠፋና በምትኩ የሚመርና ሰውነት የሚጎዳ ነገር ይፈጠርበታል። የኑግ ዘይት ደግሞ ኃይለኛ እሳት አይችልም። ከዓሣው የሚወጣው ውኃና ፍርፋሪ ያባብሰዋል፤ በተደጋገመ ቁጥርም ይከፋል።

«ዘይቱን ሰው አልለወጠውም፤ የለወጠው እሳቱ ነው» አሉኝ።

ትምህርት ሲያልቅ እየሮጥሁ ወደ ቤት ሄድሁ። በር ላይ ስደርስ ግን ቆምሁ። የያዝሁት ነገር አባቴን ከሌብነት ያድነዋል፤ በዚያው አፍ ደግሞ ዕድሜህን ሙሉ የኮራህበትን ሥራ አላወቅህበትም ይለዋል። ሽንኩርት ሲልጥ አገኘሁትና ሁሉንም ነገርሁት። ቢላዋውን አስቀመጠ።

«ስንት ወታደር ያበላሁበትን እጅ አንቺ ልታስተምሪው ነው?»

ኮቱን አንሥቶ ወጣ። ሌሊት እስኪሆን አልተመለሰም። እኔም አልቅሼ ተኛሁ። ሲነጋ ግን ደብተሬን ስይዝ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ዓይኑ እንቅልፍ አላየም።

«ሰው ፊት ልታሳዪው ትችያለሽ?» አለኝ።

እንደምችል ነገርሁት። አልችልም ብል ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልሁ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ቅዳሜ መጋዞቹ ዝም ብለው ሠራተኛው በሙሉ ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። አባቴ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያልተከፈተ ቆርቆሮ እንዲመጣና ሊቀመንበሩ በገዛ እጁ እንዲከፍተው። ተከፈተ። ዘይቱ በሁለት መጥበሻ እኩል ተቀዳ፤ ሁለት ምድጃም ተለኮሰ። በአንዱ አባቴ እንደ ልማዱ ማገዶውን ሞልቶ አጨሰው። በሁለተኛው እኔ ነኝ። ቁራጭ ሽንኩርት ጣል አደረግሁና ዙሪያውን በዝግታ ሲንጨረጨር እንጨቱን ጎተት አድርጌ አወጣሁ። ዓሣውን በጨርቅ አድርቄ ጨመርሁ። ጭስ ሽው ሊል ሲል እሳቱን እቀንሳለሁ፤ ፍርፋሪውን እለቅማለሁ። እንዲህ እያልን ደጋግመን ጠበስን። ከዚያ አባቴ ሁለቱንም ዘይት በሁለት ብርጭቆ ቀድቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

የእኔው እንደ ጠጅ ጠርቷል። የእሱ ጠቁሯል፤ ይሰነፍጣል። ከኋላ አንዱ፣ ይኸውላችሁ የማሽን ዘይቱ ብሎ ጮኸ። ሊቀመንበሩ ዞር ብሎ አየው፤ ቆርቆሮውን የከፈተው እሱ ራሱ ነውና። ሰዉም ነገሩ ቀስ በቀስ ገባው። ያኔ አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጓዶች፣ አንድም ጠብታ አልሰረቅኩም። ዘይቱን ያበላሸው ግን ይኸው እጄ ነው፤ ሳላውቅ አቃጥዬ አበላኋችሁ። ልጄ ናት ያሳየችኝ።»

ሊቀመንበሩ ከእኔ መጥበሻ አንድ ቁራጭ አነሣ። በላ። አጥንቱን ለቅሞ ጣለና ሁለተኛ አነሣ። ከዚያ በዚያች ጣቶቿ በጎደሉት እጁ የአባቴን ትከሻ ይዞ፣ ክሱ ተዘግቷል፣ ሰሐን ይምጣ አለ። ግቢው በጭብጨባ ተናወጠ። ጣውላ የሚደረድሩት ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ያንን ሁሉ ሰው ያበላሁት እኔ ነኝ፤ ቀሚሴ ዘይት በዘይት ሆኖ፣ እንደዚያ ቀን ራሴን ረጅም አድርጌ ያየሁበት ጊዜ የለም።

ከዚያ ወዲያ ጥብስ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሆነ፤ በለስላሳ እሳት። በሌላው ቀን ዓሣው በሽንኩርትና በቲማቲም ተከድኖ በራሱ ውኃ ይበስልና ሊወርድ ሲል ዘይት በማንኪያ ጠብ ይደረግበታል። ቃሩ ጠፋ። የወሩ ቆርቆሮም ወሩን አልፎ መትረፍ ጀመረ። ወሬው እስከ ሐሙሲት ከተማ ደርሶ የምግብ ቤት ሰዎች እየመጡ አባቴን ያዩት ነበር። እሱም ማገዶ ሲጨምሩ ካየ እንደ አሥር አለቃ ይቆጣቸዋል።

የዚያን ቅዳሜ አመሻሽ በሐይቁ ዳር ወደ ቤት ስንመለስ፣ እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረሽ አስረጂኝ አለኝ። አስረዳሁት፤ ዘይት ለምን እንደሚሰባበር፣ ውኃው ለምን እንደሚያባብሰው። እጁን ወደኋላ አጣምሮ፣ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ከዚያ በኋላም እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጄ ታስረዳችሁ ይልና ራሱም ገና ዛሬ እንደሚሰማ ሰው ይቀመጣል።

አባቴን የቀበርነው ዕለት አስተማሪዬ መጥተው ነበር፤ ሸብተዋል። ለቅሶው ሲረጋ አጠገቤ ተቀመጡ። ተቆጥቶ በወጣባት በዚያች ምሽት አባቴ ቤታቸውን አፈላልጎ አግኝቶ ነበር ለካ። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ እያንዳንዷን ነገር እየጠየቀ፣ ያልገባውን እያስደገመ፣ ሁሉንም ተረድቶ ነው የሄደው። ሊሄድ ሲል ለእኔ እንዳይነግሩኝ አስምሏቸዋል።

«ከእሷ አፍ ልስማው አለኝ» አሉ።