ለየፈረሱ የራሱ ኮርቻ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ጉልበቴ መክዳት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ገብሱ ደግሞ ገና አልታጨደም ነበር።

ጎባ ላይ ፈረስ እያከራየን እንግዶችን ወደ ተራራው የምንወስድ ሰዎች ማኅበር አለን። በዚያ ሰሞን ማኅበሩ አዲስ ደንብ አወጣ፤ የእንግሊዝኛ የቃል ፈተና ያላለፈ ሰው እንግዳ አይመራም፣ ዕቃ ብቻ ይጭናል ተባለ። ዕቃ የጫነ ሰው ድንኳን ለመትከል ቀድሞ መድረስ ስላለበት መንገዱ ሩጫ ነው። እንግዳ ግን ፎቶ እያነሳ፣ ትንፋሹ እያጠረው ነው የሚወጣው። ለእኔ ጉልበት የሚስማማው እሱ ነው። ከወደቅሁ ፈረሴን ሸጬ ቤት መቀመጤ ነበር።

ትምህርቱ የሚሰጠው ሮቤ ስለነበር በሚኒባስ ተመላለስኩ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ። ቃሉንስ ከእንግዶች አፍ ለቅሜዋለሁ፤ ያስቸገረችኝ ከቃሉ ኋላ የምትከተለው ትንሿ ቃል ናት። እኛ «ጠብቀኝ» ብለን እናልፋለን። እነሱ ግን «ዌይት» ካሉ «ፎር» ያስከትላሉ፣ «ሉክ» ካሉ «አት»፣ «ሊስን» ካሉ «ቱ»። እኔ «ቱ»ን ወደድኳትና ለሁሉም እሷን ማሰር ጀመርኩ።

«ይሄ ጃርሳ በአንድ ኮርቻ ሃያ ፈረስ ሊጭን ነው» አለ ከኋላዬ የተቀመጠው የጎሮ ሰው፣ ሽማግሌነቴን በኦሮምኛ እየጠራ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

አስተማሪዋን ለምን አንዱ «ፎር» ሌላው «አት» እንደሚሆን ጠየቅኋት።

«አባቴ፣ ምክንያቱን አይፈልጉ። አብረው የሚሄዱትን አብረው ይያዟቸው» አለችኝ።

ወደ ጎባ ስመለስ የዚያ ሰው ቀልድ ከራሴ አልወጣ አለ። አንድ ጊዜ የጎረቤቴን ኮርቻ ተውሼ ብጭንባት ፈረሴ ጀርባዋ ቆስሎ ሳምንት ቆማለች። የእሷ ኮርቻ ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። የእሷ ነው፣ በቃ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ምስር ትለቅም ነበር። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ፊደልም አልቆጠረችም። ፈረሱ ይኼ፣ ኮርቻው ይኼ እያልኩ ሁሉንም ነገርኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፈታኜ ሆነች።

«ዌይት» ትላለች፣ ከሰፌዱ ቀና ሳትል።

«ቱ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጀርባዋን ልታቆስል ነው?»

«ፎር።»

«እህ።»

ትርጉሙን ጠይቃኝ አታውቅም። እኔው ተሳስቼ ስነግራት እንኳ «ትናንት እንዲህ አላልክም» ትለኛለች፤ ልክ የምትሆነውም እሷ ናት። ሰው ያልገባውን ነገር ለሌላ ሰው ብሎ እንዲህ አድርጎ መያዙን እስከ ዛሬ አስበዋለሁ።

በፈተናው ቀን ፈታኙ «እንግዳው ቸኩሎ ቀደመዎት እንበል። እንዲጠብቅዎ ይንገሩት» አለኝ።

«ዌይት» አልኩና ቆምኩ። ያች «ቱ» ምላሴ ላይ መጣች። ዋጥኳትና ምስሩ ሰፌድ ላይ ሲንኮሻኮሽ የሰማሁ መሰለኝ።

«ፎር ሚ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ከጠየቀኝ አንዷን ስቻለሁ። ቢሆንም አለፍኩ።

አሁንም እንግዳ እመራለሁ፣ ቀስ ብዬ። ሲቀድሙኝ እጠራቸዋለሁ፣ ቆመው ይጠብቁኛል። የማኅበሩ ሰዎች ማን እንዳሳለፈኝ ሲጠይቁኝ አስተማሪዋን የምጠራ ይመስላቸዋል። እሷም ደክማልኛለች። ያሳለፈችኝ ግን ፊደል ያልቆጠረችው ባለቤቴ ናት።