የቀትር እረፍት

ጁባ ከመጣሁ ጀምሮ የማስተዳድረው የአትክልት እርሻ ከወንዙ ዳር ነው። ባለቤቱ የአገሬ ሰው ሲሆን ከተማ ውስጥ ሆቴል አለው። ቲማቲም፣ ባሚያና ሙሉኪያ የሚባለውን ለወጥ የሚሆን ቅጠል እናመርታለን፤ ከሆቴሉ የተረፈው ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ይሄዳል። ሠራተኞቹ ሴቶች ናቸው።

ከነሱ አንዷ ማንጋቴን ከሚባለው የተፈናቃዮች መጠለያ የምትመጣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሴት ነበረች። ከሁሉም ቀድማ ትገባለች፣ ከሁሉም ኋላ ትወጣለች። ሌሎቹ ውሃ ሊጠጡ ሲሄዱ እሷ አንገቷን ደፍታ ታርማለች። ጎበዝ ሠራተኛ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

በበጋው አንድ ቀን ቀትር ላይ ቲማቲሙ መሀል ወደቀች። ተሸክመን ማንጎው ጥላ ስር አስተኛናት፣ አንገቷንና ብብቷን በውሃ አራስን፣ በካርቶን አራገብንላት። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው መኮትኮቻዋን ነው። በእርሻው መኪና ካቶር ሰፈር ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ ግሉኮስ ሰክቶላት ወደ እኔ ዞረና፣ "ፀሐዩ ነው የጣላት። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው" አለኝ።

የዚያኑ ቀን ለባለቤቱ ደወልኩ።

"ሰዓቱን ልቀይረው ነው" አልኩት። "ጎህ ሲቀድ እንጀምራለን። ቀትር ላይ ግን ማንም ፀሐይ ላይ አይቆምም።"

"ሥራው አይጓደልም?"

"ሰው ከሚወድቅ ይጓደል።"

እሺ አለ። ጥላው ስር የውሃ በርሜል አስቀመጥን፣ ምንጣፍም ዘረጋን።

ሴትየዋ አገግማ ተመለሰች። ቀትር ሲሆን ሁሉም ተሰብስበው ሲቀመጡ እሷ ብቻዋን ወደ ባሚያው መደብ ስትሄድ አየኋት። ተከትያት ሄድኩ።

"ምነው? ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል እኮ" አልኳት በተሰባበረው የጁባ አረብኛዬ።

"ሰምቻለሁ፣ ኡክቲ" አለች፤ እህቴ ማለቷ ነው። "ስቀመጥ ግን ይመጣብኛል።"

"ምኑ?"

አፈሩን እያየች ነገረችኝ። ጎርፍ መንደራቸውን ሲወስደው በእግር ወጥተው ነበር፤ ትንሿ ልጇ መንገድ ላይ ታማ ሞተችባት። "እጄ ሲሠራ አላስብም" አለች።

ክሊኒኩ ውስጥ ሐዘን የበረታባቸውን ሰዎች የምታነጋግር ባለሙያ ስላለች ልውሰድሽ ብላት፣ "እብድ አይደለሁም" ብላ መኮትኮቷን ቀጠለች። እንዳትወድቅ ከጎኗ ቆምኩ፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ይህን ከሩቅ ሲያዩ የቆዩት ለሠራተኞቹ ምሳ የሚያበስሉት እናት ነበሩ፤ ሁላችንም ማማ እንላቸዋለን። በነጋታው ቀትር ላይ አንድ ሸክም ሙሉኪያ ምንጣፉ ላይ አፈሰሱና ጠሯት።

"ነይ ቅጠሉን አብረሽኝ ልቀሚ። ዓይኔ ደክሞብኛል።"

ትልቅ ሰው ጠርቷት እምቢ ማለት አልቻለችም። ተቀመጠች። ሁለቱም ምንም ሳይነጋገሩ እረፍቱ እስኪያልቅ ቅጠል ቀነጠሱ። በማግስቱም እንደዚያው። ቢያንስ ጥላ ውስጥ ነች፣ ውሃም ትጠጣለች ብዬ ተጽናናሁ።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ወደ በርሜሉ ስጠጋ ድምጿን ሰማሁ። ስለ ልጇ እያወራች ነበር፤ ምን መብላት ትወድ እንደነበር፣ ዶሮ ስታባርር እንዴት እንደምትስቅ። ማማ አይመልሱም፣ አያባብሏትም፤ ቀና ሳይሉ ቅጠላቸውን ይለቅማሉ። ውሃውን ትቼ በሌላ በኩል ዞሬ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ራሷ መጥታ ጠየቀችኝ።

"ያቺ ክሊኒክ ያለችው ሴት አሁንም አለች?"

"አለች።"

"አብረሽኝ ትሄጃለሽ?"

ሄድን። እሷ ገባች፣ እኔ ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ ጠበቅኳት። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ምን እንዳወሩ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም። መንገድ ላይ ግን ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከዚያ ቀን በፊት ስለ እኔ ጠይቃኝ አታውቅም ነበር።

አሁንም ከባድ ቀን አላት። ዝናብ ሲበረታ የማትመጣበት ጊዜ አለ፤ እንዲህ ሲሆን ማማ ማንጋቴን ድረስ ሄደው ያዩአታል። እርሻ ላይ ስትውል ግን ቀትር ሲደርስ መኮትኮቻዋን አስቀምጣ ትመጣለች። አንዳንዴ ሻሽዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ሌሎቹም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨዋታቸውን ይቀጥላሉ።