የምርቃት ድንጋይ

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለ አንድ የአበሻ ምግብ ቤት ጀርባ ባለው አዳራሽ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን። የምግብ ቤቱ ባለቤት ወደ ወጥ ቤት በሚያስገባው በር ላይ ቆማ እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች። ልጇ ካርዶችና ማጣበቂያ ይዛ በመስተዋት ሳጥኑ ፊት ቆማለች። የዝግጅቱ ሰብሳቢ፣ በኢንሹራንስ ሥራ የሚታወቅ ሰው፣ ከመድረኩ ሥር ማይክሮፎን ይሞክራል። አንድ የደሴ ሽማግሌ ከመውጫው በር አጠገብ ከዘራቸውን ተደግፈዋል፤ ወንበር ቢቀርብላቸውም አልተቀመጡም። እኔ ቦርሳዬን በትከሻዬ እንዳንጠለጠልኩ ከሳጥኑ በስተግራ ነበርኩ። እንግዶቹ ገና አልመጡም።

ምሽቱ የተዘጋጀው ስለ ማሪብ ነው። ማሪብ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ በየመን በረሃ ዳር ያለች፣ ዕጣንና ከርቤ የጫኑ ግመሎች ያድሩባት የነበረች የሳባ ሰዎች ከተማ ናት። ፖስተሩ ላይ ግን ስሟ የለም። «ጥንታዊቷ የሳባ ከተማችን» ይላል፤ ከሥሩ ግመሎችና ዘውድ የደፋች ሴት ተስለዋል። ሰብሳቢው ከሳምንታት በፊት ደውሎልኝ፣ «እትዬ፣ ጽሕፈት ያለበት ድንጋይ አለዎት ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ለአንድ ምሽት ያውሱን» አለኝ። ፎቶ ላኩለት፤ በዕለቱም ራሴ ይዤው መጣሁ።

ድንጋዩ ሎሚ ያህላል። በአንድ ጎኑ ሦስት ፊደሎች ተቀርጸውበታል፤ አንደኛው የእኛን «በ» ይመስላል። ትምህርት ቤት በገባሁበት ዓመት ለአባቴ «ይሄ በ ነው» ብዬ አሳየሁት። አባቴ አማርኛ ማንበብ አያውቅም ነበር። ድንጋዩን አገላብጦ አየና፣ «እኔ ይዤው ስዞር ኖሬ አንቺ አወቅሽው» አለኝ።

አባቴ የተወለደው ማሪብ ነው። የድሮው ከተማ ኮረብታ ላይ ነው፤ ቤቶቹ ረጃጅም የጭቃ ፎቆች ናቸው። ሰዎቹ ቤት ሲሠሩ ከጥንቱ ፍርስራሽ ድንጋይ እያነሡ ግድግዳው ውስጥ ያስገባሉ። ስለዚህ በየቤቱ ፊደሎቹ አንዳንዴ ተዘቅዝቀው፣ አንዳንዴ በጎን ተኝተው ይታዩ ነበር። ይህ ድንጋይም ቤታቸው በዝናብ ሲፈርስ ከግድግዳው የወደቀ ነው። አባቴ ወጣት ሆኖ ከግመል ነጋዴዎች ጋር ወደ ባሕሩ ወረደ፤ በጀልባ ተሻገረ፤ ደሴ ደርሶ ሱቅ ከፈተ፤ እናቴን አገባ። ከቤቱ የቀረለት ያ ድንጋይ ብቻ ነበር።

ሱቁ ውስጥ ድንጋዩ ሥራ ነበረው። አባቴ ስኳር ሲመዝን በሚዛኑ አንድ ሰሐን ላይ የማዘጋጃ ቤት ማኅተም ያለበትን ብረት ያስቀምጣል። ከዚያ ድንጋዩን ከብረቱ ላይ ይደርባል። ሁለቱን እስኪያነሣ ድረስ በሌላው ሰሐን ላይ ስኳር ይጨምራል። ብረቱ ለኪሎው ነው፤ ድንጋዩ ለምርቃቱ። ሌላው ነጋዴ ምርቃት የሚጨምረው በእጁ ቆንጥሮ፣ እንደ ሰዉ ፊት ነው። አባቴ ለድሃዋ ሴትም ለባለሥልጣኑም እኩል እንዲሆን በድንጋይ ይመዝነው ነበር። እናቴ እንዲህ እየሰጠህ ምን ይተርፈናል ብላ ስትቆጣው፣ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «በእኛ ከተማ የሚገዛው መንገደኛ ነው። አንዴ በረሃ ከገባ ጎደለብኝ ብሎ አይመለስም። ስለዚህ ሻጩ አስቀድሞ ይጨምርለታል።»

ወደ ሎስ አንጀለስ ስመጣ ድንጋዩን ይዤ መጣሁ። ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ስሠራ፣ ቲኬቶቹን ነፋስ እንዳይወስዳቸው እሱን እጭንባቸው ነበር። ጡረታ ስወጣ መስኮቴ ላይ አኖርኩት። ስለ አባቴ ግን ፌርፋክስ ላይ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ የጠየቀኝም የለም።

ይህ ምሽት በተዘጋጀበት ዓመት የመን ላይ ቦምብ ሲወርድ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። የማሪብም ስም ይጠራል። ድምፁን ቀንሼ አያለሁ። ድንጋዩን አምጪ ስባል እሺ ያልኩት ለዚህ ነው፤ አንድ ምሽት እንኳ ስሟ ከጦርነት ውጭ በሆነ ነገር እንዲጠራ።

ልጅቷ ድንጋዩን ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጣ ክዳኑን ዘጋች፤ ካርዱን ፊቱ ላይ ለጠፈች። «ጥንታዊ ጽሕፈት ያለበት ድንጋይ፤ ኢትዮጵያ» ይላል።

«ልጄ፣ ይሄ ልክ አይደለም» አልኳት። «ከማሪብ ብለሽ ጻፊ። ከሥሩም፣ ደሴ ባለሱቅ የነበረ የማሪብ ሰው ያመጣው በይ።»

«ኦኬ፣ ቆይ ልጠይቀው። ሌብሎቹን አፕሩቭ ያደረገው እሱ ነው።»

ሰብሳቢው ማይክሮፎኑን እንደያዘ መጣ። «እትዬ፣ ስቶሪው እንዳይበታተን ብዬ ነው። ሰዉ ሳባ የኛ ናት ብሎ ነው የሚመጣው። ሶ፣ የመን ካልን ማታውን ሙሉ ክርክር ነው።»

«የኛም ትሁን። ድንጋዩ ግን የማሪብ ነው።»

«ያኔ እኮ አንድ አገር ነበርን።»

«አንድ ከነበርን ስሟን መጻፍ ምን ይከብዳል?»

ሳቀ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ከበሩ ሆና፣ «ባለሱቅ አረብ ካላችሁማ ማን ያምናችኋል» አለች። «እኛ ሰፈር የነበረው ከስኳሩ ጋር ጣቱንም ነበር የሚመዝነው።» መዳፏን እንደ ሚዛን ሰሐን ዘርግታ በሌላኛው እጇ አውራ ጣት ጫን አደረገችው። ሰብሳቢው ደግሞ የአረብ ባለሱቅ አማርኛ አስመስሎ፣ «ጌታዬ፣ ምን ልስጥሽ?» አለ። ልጅቷ በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች።

ቀልዱን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ። ደህና አስመስሎታል። አባቴም ወንዱን አንቺ ይል ነበር።

«ድንጋዩን ያመጣው ባለሱቅ አባቴ ነው» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ባለቤቲቱ ሽርጧን ጨበጠች። «ውይ እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ እኮ አይመስሉም።»

«ምን አልመስልም?»



ወደ ደሴው ሽማግሌ ዞርኩ። ቤታቸው ከአባቴ ሱቅ ፊት ለፊት ነበር። ፌርፋክስ ላይ ሰላምታ ስንለዋወጥ ብዙ ዓመት ሆኖናል፤ ስለዚያ ሱቅ ግን እርሳቸውም እኔም አንሥተን አናውቅም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁታል። ይንገሯቸው።»

ከዘራቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «አንቺ ልጅ፣ የሞተ ሰው በካርድ ምን ይሆናል? ለአንድ ማታ ተያት።»

«ከዚያ ሱቅ ስኳር ይገዙ ነበር?»

«እናቴ ትልከኝ ነበር።»

«ጎድሎብዎት ያውቃል?»

ወደ ሳጥኑ ተጠግተው ጎንበስ ብለው አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ።

«ኧረ አልጎደለም» አሉ። «ይጨምር ነበር። ይቺኑ ድንጋይ ከብረቱ ላይ ይደርባት ነበር። እንዳይረሳት ብዬ እጁን እጁን አይ ነበር።»

«ደስ የሚል ታሪክ ነው» አለ ሰብሳቢው። «እውነቴን ነው። ሌላ ጊዜ ለብቻው ፕሮግራም እናደርግለታለን። ዛሬ ግን ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጥቷል፤ ሰው እሱን ብሎ ነው የሚመጣው። ለኮሚኒቲው ሲሉ ይተዉት፣ እትዬ።»

«ስሟ ይጻፋል?»

«ዛሬ አይሆንም።»

«ልጄ፣ ሳጥኑን ክፈቺልኝ» አልኳት።

እናቷን አየች፤ ሰብሳቢውን አየች፤ ከፈተችው። ድንጋዩን አንሥቼ በሻርፔ ጠቀለልኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

«አሁን ሰዉ ሲመጣ ባዶ ሳጥን ላሳይ?» አለ ሰብሳቢው።

«ካርዱ አለልህ» አልኩት።

ሽማግሌው በሩን በከዘራቸው ገፍተው ያዙልኝ። ወጣሁ።