የኋላ ጎማው ላይ

አባቴ ግዙፍ ሰው ነበሩ። የደብራችን መሪጌታ፣ የቅኔ መምህር፤ በጾም እንኳ የማይቀንሱ። ሰው ሲያሾፍባቸው "የእናንተን ኃጢአት ተሸክሜ ነው" ይሉ ነበር።

ያን ውፍረት አጥብቆ የሚወደው የወረዳው መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። የቀድሞ ተማሪያቸው ነው፤ ቅኔውን ትቶ መሪ የጨበጠ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው፤ ባጃጅ ገና ፍኖተ ሰላምን ሳያውቃት፣ በዋናው መንገድ የጋሪ ፈረስ ብቻ ሲንኳኳ። የእኛ ቀበሌ ከቡሬ አስፋልት ተገንጥሎ የሚገባ የአፈር መንገድ መጨረሻ ላይ ናት። ልትደርስ ስትል አንድ ዳገት አለ፤ ክረምት ላይ ሳሙና ነው። ሾፌሩ ወደኛ የሚመጣ ከሆነ አባቴን ከገበያ ፈልጎ ሳያገኝ አይነሳም።

"የኔታ፣ ከኋላ ይቀመጡልኝ።"

ጋቢናው ባዶ ሆኖ መሪጌታን ከጭነት ቦታ! እናቴ በኀፍረት ትሞት ነበር። እሱ ግን ያስረዳል፦ "የዚች ፒክአፕ ሞተሯ ከፊት ነው፤ የሚገፋት ግን የኋላ ጎማዋ ነው። ባዶዋን ስትሆን ኋላዋ ይቀላል፤ ጎማው መሬት አይቆነጥጥም። የኔታ ከጎማው አናት ከተቀመጡ ትቆነጥጣለች።" ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ እየለቀቀ ያስነሳታል። በአንደኛ ማርሽ ነዳጅ ከረገጡባት ጉልበቱ ይበዛና ጎማው ባለበት ይዞራል ይላል። አባቴም ከላይ ሆነው "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!" ይሉታል።

አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር የመጣች ትንሽ የቤት መኪና ዳገቱ ሥር ቀረች። እሷን የሚጎትታት የፊት ጎማዋ ነው፤ ዳገት ላይ ደግሞ ክብደት ወደ ኋላ ይሸሻል። ሾፌራችን አፍንጫዋን ቁልቁል አዙሮ፣ ክብደቱ ከፊት ጎማዋ ላይ እንዲያርፍ በኋላ ማርሽ አወጣት። አባቴ እስኪያነቡ ሳቁ። ያ ሳቅ፣ ያ ጉም፣ መንገዱን ግራ ቀኝ ይዞ የቆመው እርጥብ በቆሎ ዛሬም ዓይኔን ስከድን ይመጣል፤ የቱ ክረምት እንደነበር ግን አላውቅም፤ ሁሉም አንድ ሆኖብኛል።

ከዚያ ታመሙ። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወር ሙሉ ተኙ፤ ያ ሁሉ ሥጋ ወዴት እንደሄደ እንጃ። እኔ ቡሬ አስተማሪ ነበርሁ፤ በየቅዳሜው እመላለሳለሁ። ከሕመሙ የባሰባቸው ሌላ ነበር። "እንግዲህ ለማንም የማልረባ ሆንሁ" ይሉኛል፤ ተማሪዎቻቸው ሊጠይቁ ሲመጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

በነሐሴ "ከቤቴ ልሙት" አሉና ሾፌሩ ሊወስደን መጣ። እሳቸውን ደግፌ ስወጣ ከኋላ ሸራ ያለብሳል። "አንተ ሰው፣ በሽተኛ ይዘን ምን ትጎረጉራለህ?" አልሁት። ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። "ዕቃ ነው" ብሎ የሸራውን ገመድ አጠበቀ።

አባቴን ጋቢና መሐላችን አስቀመጥናቸው። ካፊያው ስስ ነበር፤ ራሳቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው እያንቀላፉ፣ እኔም ከእንቅልፍና ከንቃት መካከል ሆኜ፣ መንገዱ ሳይሆን ጉሙ የሚሄድ እየመሰለኝ ከዳገቱ ሥር ደረስን። መኪናዋ ጮኸች። ጎማው ባለበት ዞረ፤ ጭቃው መስታወቱን መታው። ሾፌሩ ደጋግሞ ሞከረ፤ እንቢ አለች።

ዞር ብሎ "የኔታ፣ ያለ እርስዎ አትወጣም" አለ።

"ኧረ በስመ አብ! አብደሃል? በዝናብ?" ብዬ ጮኽሁ።

አባቴ ግን ቀና ብለዋል። ከወር በኋላ ያን ዕለት ዓይናቸው በራ። "አንቺ ዝም በይ! አውርዱኝ።" በብብታቸው ይዤ ሳነሣቸው ቅልል አሉኝ፤ እንባዬ መጣ። ሸራው ላይ፣ ልክ ከጎማው አናት ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው ሆኜ ጥላ ዘረጋሁላቸው። መኪናዋ በቀስታ ተነሣች፣ ቆነጠጠች፣ ወጣች። "እሰይ!" አሉ አባቴ። ለእናቴ ገና ከበር "እኔ ባልኖር እዚያው ነበር የሚያድሩት" አሏት፤ እሷም እልል አለች።

ማታ ትራሳቸውን ሳስተካክል እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ሸራው ሥር ያለውን አሸዋ አውርዶ ይሆን? አራት ማዳበሪያ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።"

ክው አልሁ። "አሸዋ ነው እንዴ? አባባ፣ ያውቁ ነበር?"

"ተቀምጬበት? ደግሞስ ያ ልጅ መቼ በአንደኛ ማርሽ ተነሥቶ ያውቃል? ሆነ ብሎ ነው ጎማውን ያዞረው። ሰምቼ ዝም አልሁት። እንዳወቅሁ እንዳትነግሪው፤ ደስ ብሎታል።"

መስከረም ሳይጠባ ዐረፉ። በተዝካራቸው ዕለት ሾፌሩ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ አገኘሁት። ቀና ብሎ ሳያየኝ "ያን ቀን የኔታ ባይኖሩ፣ ያን ዳገት..." አለ።

"አዎ" አልሁት፤ "ባይኖሩ አንወጣም ነበር።"